ወረቀቱ በማን እጅ ነው?

ድሬዳዋ ላይ «እሷ እኮ ፕሮሰስ ላይ ናት» ከተባለ ሌላ ማብራሪያ አያስፈልግም። ባሏ አሜሪካ ነው፣ ፋይሏ ገብቷል፣ ቀን እየጠበቀች ነው ማለት ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰው የሚያያት በሌላ ዓይን ነው። ሥራ ብትፈልግ «ነገ ለምትሄድ» ተብሎ አትቀጠርም። ኮርስ ልጀምር ብትል «ምን ያደርግልሻል፣ እዚያ ትማሪዋለሽ» ትባላለች። ዕቁብ ሊያስገቧት እንኳን ያመነታሉ፤ ዕጣዋን ወስዳ ብትሄድስ? አገሯ ላይ ተቀምጣ እንግዳ ትሆናለች።

እኔ ከዚራ አካባቢ ትንሽ ኮፒ ቤት አለኝ። ሰሌዳው ላይ «ኮፒ፣ ጽሑፍ፣ ትርጉም፣ ላሚኔሽን» ይላል። እውነቱን ለመናገር ግን ከገቢዬ ብዙው የሚመጣው ከባልና ሚስት ነው። ፎርም እሞላለሁ። የጋብቻ ወረቀት እተረጉማለሁ። ፎቶ አትማለሁ። የዋትስአፕ ወሬ በገጽ በገጹ አወጣለሁ። ጠበቃ አይደለሁም፣ ነኝም ብዬ አላውቅም። ግን እዚህ ወንበር ላይ ተቀምጬ የብዙ ሰው ትዳር በፋይል መልክ በእጄ አልፏል።

በጋብቻ የመኖሪያ ፈቃድ ሲወጣ ሁሉም የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው። «ትዳሩ የእውነት ነው ወይ?» ኤምባሲው ይጠይቃል፣ ጎረቤት ይጠይቃል፣ አንዳንዴ የገዛ እናቷ ትጠይቃለች። ከሁለቱ ወረቀቱን በእጁ የያዘው ማን እንደሆነ የሚጠይቅ ግን አላጋጠመኝም። እኔን የሚያሳስበኝ ደግሞ እሱ ነው።

አሠራሩን ለማያውቅ በአጭሩ ልንገር። ዜጋ የሆነው ወገን አይ-130 የሚባለውን ማመልከቻ ያስገባል። የአሜሪካ ዜጋ ባል ወይም ሚስት የዓመት ኮታ አይነካቸውም። አመልካቹ ያለው ግሪን ካርድ ብቻ ከሆነ ግን ወረፋ አለ፤ ብዙ ሰው የሚምታታበት እዚህ ላይ ነው። ማመልከቻው ሲፈቀድ ፋይሉ ኒው ሃምፕሸር ወዳለው ናሽናል ቪዛ ሴንተር ይሄዳል። ክፍያ ይከፈላል፣ ዲኤስ-260 የሚባለው የቪዛ ማመልከቻ ይሞላል፣ የልደት፣ የጋብቻና የፖሊስ ማስረጃ ይያያዛል። ከዚያ ሜዲካል ነው። ከዚያ አዲስ አበባ፣ ኤምባሲ፣ ኢንተርቪው። ለድሬ ሰው ይህ 500 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ነው። በአውቶቡስ ሙሉ ቀን፣ ብር ላለው በአውሮፕላን አንድ ሰዓት ያህል።

ልብ በሉ፤ ማመልከቻው የእሷ አይደለም። የእሱ ነው። እሷ የሚጠየቅላት ሰው ናት። ቪዛው ተመትቶ አገሩ እስክትገባ ድረስ በፈለገው ቀን ሊያነሳው ይችላል። አንድ ደብዳቤ ይበቃዋል። ይህን ሁለቱም ያውቃሉ፣ አይነጋገሩበትም እንጂ።

አንድ አብሮ አደግ አለችኝ። ፈቅዳልኝ ነው የምጽፈው፣ ስሟን ግን እተወዋለሁ። መጋላ ነው ያደግነው፤ ግቢያችንን የሚለየው አንድ አጥር ነው። ባሏም የድሬ ልጅ ነው፣ ሚኒሶታ የሚኖር፣ ዜግነት የወሰደ። ቤተሰብ ከቤተሰብ ተነጋገረ፣ ሽማግሌ መጣ፣ ኒካሁ ታሰረ። እሱ ግን አልነበረም፤ ከሥራው ፈቃድ አላገኘም። ወንድሙ ወክሎት ተቀመጠ። አባቷ ወሊ ሆኑ፤ በእሷ በኩል የሚድሯት እሳቸው ናቸው። እሷም ብትሆን ክፍሉ ውስጥ አልነበረችም፣ ከሴቶቹ ጋር ጓዳ ነበረች። እልልታው ግን ሰፈሩን አናወጠው። በእኛ ዘንድ «ይህ ትዳር አይደለም» የሚል አንድ ሰው አይገኝም።

የአሜሪካ ሕግ እንዲህ አያይም። ተጋቢዎቹ አንዱ በሌላው ፊት በአካል ካልተገኙ ያ ጋብቻ ለቪዛ አይቆጠርም። የሚቆጠረው ከሥነ ሥርዓቱ በኋላ ተገናኝተው እንደ ባልና ሚስት አብረው ከሆኑ ብቻ ነው። በወኪልም ይሁን በስልክ ያው ነው። የእኛው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግም ተጋቢዎች ራሳቸው እንዲገኙ ነው የሚፈልገው። እሱ ሕግ በ1992 ዓ.ም. ወጥቶ አዲስ አበባና ድሬዳዋ ላይ የሚሠራው ነው። ሐረር የራሱ የቤተሰብ ሕግ አለው።

ስለዚህ መምጣት ነበረበት። መጣ። ጋብቻው በመዝገብ ሠፈረ፣ ድግሱ እንደገና ተደገሰ፣ ለአንድ ወር ቆይቶ ተመለሰ። ማመልከቻው የገባው ከዚያ በኋላ ነው።

አንድ ቀን አልበሟን በስካርፍ ጠቅልላ ሱቄ መጣች። እኩለ ቀን ሊሆን ነው፣ ከተማው ሊተኛ ሱቆች እየተዘጉ ነው፣ የኮፒ ማሽኔ ከሙቀቱ የተነሳ ወረቀት እየነከሰ ያስቸግረኛል። አልበሙን አንድ በአንድ ገለጥነው። ሙሽራው ከሽማግሌዎች ጋር። ሙሽሪት ከሴቶች ጋር፣ እጇ እስከ ክንዷ ሂና። ሙሽራው ከጓደኞቹ ጋር። ሙሽሪት ከአክስቶቿ ጋር። እንደገና ሙሽራው ከሽማግሌዎች ጋር። ሁለቱ አብረው ያሉበት ፎቶ አንድ ብቻ ተገኘ። እዚያም ላይ ሶፋው መሀል፣ በሁለቱ መካከል፣ አማቷ ተቀምጠዋል። እሳቸው ደግሞ ከሁሉም በላይ ነው የሚስቁት።

«አቦ እሳቸውን ቁረጪልኝና አጠጋጊን» አለችኝ።

«ምኑን ነው የምቆርጠው? እንደውም እሳቸው ናቸው የሚጠቅሙሽ» አልኳት። እውነቴን ነበር። ለወረቀት ብቻ የተጋቡ ሰዎች የባልን እናት መሀላቸው አስቀምጠው ፎቶ አይነሱም።

ኤምባሲውም ሆነ የኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤቱ የሚያውቁት ማስረጃ አለ። የጋራ የባንክ ሂሳብ፣ የጋራ የኪራይ ውል፣ ፎቶ፣ የስልክ ዝርዝር፣ የሐዋላ ደረሰኝ፣ ፓስፖርት ላይ ያለ የመግቢያ ማኅተም። ድሬ ላይ ባልና ሚስት ሰው ፊት አይተቃቀፉም። ኪራይ በቃል ነው፣ ውሉ አከራዩ ናቸው። የጋራ የባንክ ሂሳብማ ያላቸው ሲመጡ እደነቃለሁ። የእኛ ማስረጃ ሰው ነው። ማን ሽማግሌ ሆነ፣ ማን መሰከረ፣ ጎረቤት ምን ይላል። የምስክር ቃል በጽሑፍ ከቀረበ እነሱም ይቀበሉታል። ግን ፎቶውና ደረሰኙ ሳስቶ በምስክር ብቻ ሲሆን ፋይሉ ቀጭን ይመስላል።

ዋትስአፑ ደግሞ ራሱን የቻለ ጉድ ነው። «ደህና አደርሽ?» «አልሐምዱሊላህ።» «በላሽ?» «በላሁ፣ አንተስ?» እንዲህ እያለ ገጽ በገጽ ይሄዳል። በየመሀሉ ኩርፊያ አለ። «ስልክ ለምን አታነሳም?» «ከማን ጋር ነበርክ?» ደንበኞቼ ይህን ይፈሩታል፤ «እሱን አውጪው» ይሉኛል። አላወጣውም። ከኤምባሲው መስኮት ወዲያ የተቀመጠው ሰውም ትዳር ሊኖረው ይችላል። ባልና ሚስት መሆንን ከኩርፊያ በላይ የሚያስረዳ ነገር እስካሁን አላየሁም።

ታናሽ እህቴም በዚሁ መንገድ ነው የሄደችው። ኢንተርቪው ላይ ባሏ ስንት ሰዓት ከሥራ እንደሚወጣ ተጠየቀች። «በእናንተ ሰዓት ነው በእኛ?» አለች። ጠያቂዋ ሳቀች አሉ። ፎርም ስሞላም ትልቁ ጣጣዬ ይኸው ነው። አንዱ ወረቀት በኢትዮጵያ ቀን፣ አንዱ በፈረንጅ ቀን። የልጁ የመጨረሻ ስም የአያቱ፣ የአባትየው የመጨረሻ ስም የቅድመ አያቱ። እኛ ቤት ባል፣ ሚስትና ልጅ አንድም የጋራ «የቤተሰብ ስም» የላቸውም። ደግነቱ አዲስ አበባ ያሉት ይህን ለምደውታል።

የወረቀት ጋብቻ የለም አልልም። አለ። ሱቄ መጥቶ በዝግታ የሚጠይቀኝም አለ። አልሠራም። የምፈራው ለራሴ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1986 የወጣው የአሜሪካ ሕግ በዚህ ላይ ጨካኝ ነው። እስከ 5 ዓመት እስራት፣ እስከ 250,000 ዶላር ቅጣት። ከዚያ የከፋው ደግሞ ይህ ነው፤ በውሸት ጋብቻ አንዴ የተያዘ ሰው ኋላ እውነተኛ ትዳር ቢመሠርት እንኳን ማመልከቻው አይፈቀድለትም። ለደላላ ብር ከፍሎ የራስን በር ማዘጋት ነው።

ያው ሕግ ግን ሌላም ነገር አምጥቷል። አገሩ በገባችበት ቀን ጋብቻው 2 ዓመት ካልሞላው የምታገኘው ካርድ የ2 ዓመት ነው። በቅድመ ሁኔታ የተሰጠ። 2 ዓመት ከሞላው የ10 ዓመቱን ታገኛለች። ጥቂት ሳምንት የቀራቸው ሰዎች ለዚህ ነው ቪዛው እጃቸው ገብቶ ትኬታቸውን ገፋ የሚያደርጉት። ብልህነት ነው፣ ቪዛው እስካልተቃጠለ ድረስ። የ2 ዓመቱ ካርድ ሊያልቅ ሲል፣ በመጨረሻዎቹ 90 ቀናት ውስጥ፣ አይ-751 የሚባል ፎርም ይገባል። ባልና ሚስት አብረው ይፈርማሉ። ካልገባ መኖሪያ ፈቃዱ ይቋረጣል።

አብረው ይፈርማሉ። ነገሩ የሚከረው እዚህ ላይ ነው። አጭበርባሪን ለመያዝ የተጠመደው ወጥመድ እውነተኛውንም እግር ይይዛል። እውነተኛ ባልና ሚስት ቤት ውስጥ አንዱ ፊርማ ሰጪ፣ አንዷ ፊርማ ጠባቂ ይሆናሉ።

አብሮ አደጌ ሚኒሶታ የገባችው በክረምት ነው። የድሬ ልጅ በጥር ሚኒሶታ! እሱን እንተወው። ባሏ መጀመሪያ የነገራት «ካርድሽ ሳይመጣ መሥራት አትችዪም» የሚል ነው። ውሸት ነው። ፓስፖርቷ ላይ የተመታው ቪዛ ራሱ ከገባችበት ቀን ጀምሮ ለአንድ ዓመት እንደ ግሪን ካርድ ያገለግላል። በማግሥቱ ሥራ መጀመር ትችል ነበር። ካርዱ በፖስታ ሲመጣ ደግሞ የደረሰው በእሱ አድራሻ ነው። ፓስፖርቷንም ጨምሮ «እንዳይጠፋ» ብሎ የእሱ መሳቢያ ውስጥ ቆለፈው።

አልመታትም። ይህን ሳልጠይቃት ደጋግማ ትነግረኛለች። ግን አንድ ቃል ነበረችው። ስለ ሳህን ይጣላሉ፤ «ፊርማዬ ያስፈልግሻል» ይላታል። ለእናቷ ብር ልላክ ትላለች፤ «ፊርማዬ ያስፈልግሻል»። ስልክ ላይ ከእኔ ጋር ስታወራ ከኋላ ሲያልፍ ድምጿ ይለወጣል። እንደዚያ ስትሆን ልጅነቷን የማውቃት እኔ እንኳን አላውቃትም። ይህች ልጅ የደቻቱ ወንዝ ሲሞላ ወዲያ ማዶ ካልተሻገርኩ ብላ ሰፈሩን ያስለቀሰች ናት።

እዚህ ቢሆን ምን ታደርግ ነበር? ቀላል ነው። ጨርቋን ጠቅልላ እናቷ ቤት ትሄድ ነበር። ኩርፊያ ይሆናል፣ ጥቂት ቀን ይቆያል፣ እሱ ሽማግሌ ይልካል፣ የእሱም የእሷም ጥፋት ይነገራል፣ ቡና ይፈላል፣ ትመለሳለች። ድሬ ላይ በዚህ መንገድ ያልታደሰ ትዳር ጥቂት ነው። እናቴም ሄዳለች፣ የእሷም እናት ሄዳለች። ኋላ ቀር የሚሉት አሉ። እኔ ግን ጥበብ ያለበት ነገር ነው እላለሁ። ሴቲቱ የምትሄድበት ቤት እንዳላት ባልየው ያውቃል። ያንን ማወቁ አንደበቱን ይገራዋል። ከእናት ቤት ተመልሳ ስትመጣ ደግሞ ወዳ ነው የመጣችው፤ ትዳሩ ያን ቀን እንደገና የታሰረ ያህል ነው።

የ2 ዓመቱ ካርድ የሚወስድባት ይህን ነው። አልጋና ምግብ አላት፣ ሙቀት አላት። የምትሄድበት ቤት ግን የላትም። ቆየች ማለት ወደደች ማለት መሆኑ ይቀራል። ሕጉ «አብረው ከቆዩ እውነተኛ ናቸው» ይላል። እኔ ደግሞ እጠይቃለሁ፤ መሄድ የማትችል ሴት መቆየቷ ስለ ትዳሩ ምን ይናገራል?

የወንዶቹንም ነገር አልክድም። ሁለት ሺፍት እየሠራ፣ ሐዋላ እየላከ፣ ትኬት ቆርጦ ያመጣት ሚስቱ ካርዱን እጇ ባስገባች ማግሥት የጠፋችበት ሰው አውቃለሁ። ድሬ መጥቶ ሱቄ ደጃፍ ተቀምጦ አልቅሷል። ነገሩም የወንድና የሴት ብቻ አይደለም። ሚስት ዜጋ፣ ባል ጠባቂ የሆነበት ፋይልም በብዛት አለኝ። እነዚያ ወንዶች እንደውም ለማንም አይናገሩም። «ሚስቴ ወረቀቴን ያዘችብኝ» ብሎ በርጫ ላይ፣ ጫት እየቃመ፣ የሚያወራ ወንድ የት ይገኛል?

ወደ ሐረር ወጣ ስል ነገሩ መልኩን ይለውጣል። የሐረር ደንበኞቼ ፋይል በአብዛኛው ቶሮንቶ ነው፤ እዚያ ትልቅ የሐረሪ ማኅበረሰብ አለ። ካናዳም እ.ኤ.አ. በ2012 የአሜሪካን ዓይነት የ2 ዓመት ቅድመ ሁኔታ አስገብታ ነበር። በ2017 አነሳችው። መንግሥቱ የሰጠው ምክንያት ግልጽ ነው፤ ተጠቂ የሆነ ሰው ፈቃዴ ይሰረዛል ብሎ ፈርቶ ጉዳት ውስጥ እንዳይቆይ። አሁን የዜጋ ሚስት ካናዳ ስትገባ ገና ከመጀመሪያው ቋሚ ነዋሪ ናት። ስፖንሰሩ ለ3 ዓመት ሊደግፋት ግዴታ ይገባል፣ እሷ ላይ ግን ቀጠሮ አልተንጠለጠለባትም። ሁለቱን ፋይል ጎን ለጎን የሚሞላ ሰው ልዩነቱን ያየዋል። የቶሮንቶዎቹ ጥያቄ «መቼ እሄዳለሁ?» ነው። የአሜሪካዎቹ ሚስጥራዊ ጥያቄ «ከሄድኩ በኋላ ሐሳቡን ቢቀይርስ?» ነው።

የእኛ አገር ሕግስ? ድሬ ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. ሲደርስ የተቆረቆረች ከተማ ናት። ግሪኩ፣ አርመኑ፣ የመኑ፣ ሕንዱ ኖሮባታል፣ ተጋብቶባታል። በ1922ቱ የዜግነት ሕግ ኢትዮጵያዊ ያገባች የውጭ አገር ሴት በጋብቻዋ ብቻ ኢትዮጵያዊት ትሆን ነበር። ኢትዮጵያዊት ያገባ የውጭ አገር ወንድ ግን ያ ዕድል አልነበረውም። የ1996ቱ አዋጅ ሁለቱን እኩል አደረጋቸው። ጋብቻው 2 ዓመት ይሞላል፣ ከማመልከቻው በፊት ቢያንስ አንድ ዓመት አገር ውስጥ ይኖራል፣ ከዚያ ይጠየቃል። እዚህም 2 ዓመት አለ። እኛም ያው ነን።

ወደ አብሮ አደጌ ልመለስ። በመጨረሻ ሥራ ጀመረች፣ ጽዳት። እዚያ አንዲት ትልቅ ሴት፣ ሶማሌ ናቸው፣ ነገሩን ከፊቷ አነበቡት። ነፃ የሕግ ድጋፍ የሚሰጥ ቦታ ይዘዋት ሄዱ። እዚያ የሰማችውን ያን ሌሊት ደውላ በአንድ ትንፋሽ ነገረችኝ። ባል ግሪን ካርድ መሰረዝ አይችልም። የሚችለው መንግሥት ነው፤ እሱም ቢሆን ጉዳዩን ዳኛ ፊት ማቅረብ ትችላለች። ትዳሩ በቅን ልቦና የተመሠረተ መሆኑን ካስረዳችና በፍቺ ካለቀ አይ-751ን ብቻዋን ማስገባት ትችላለች። ድብደባ ወይም ከባድ ጭካኔ የደረሰበት ሰው ደግሞ ፍቺውንም መጠበቅ የለበትም። ጭካኔ ማለት ዱላ ብቻ አይደለም።

ከዚያ ስለ አይ-864 ነገሯት። ስፖንሰሩ የሚፈርመው ወረቀት ነው። ገቢዋ ከአሜሪካ የድህነት መለኪያ 125 በመቶ በታች እንዳይወርድ ተጠያቂ ነኝ ብሎ ይፈርማል። ይህ ግዴታ የሚያበቃው ዜግነት ስትወስድ፣ ወይም ወደ 10 ዓመት ገደማ የሚሆን ሥራ ሲቆጠርላት፣ ወይም አገሩን ለቃ ስትወጣ፣ ወይም በሞት ነው። ፍቺ አያፈርሰውም። «ፊርማዬ ያስፈልግሻል» ሲላት የኖረው ሰው ከፍቺ በኋላም የማይለቀውን ፊርማ ገና ድሮ ፈርሟል። ይህን ስትነግረኝ ሳቋን መቆጣጠር አቅቷት ነበር። ልትከሰው አልፈለገችም። ማወቁ በቃት።

ተፋቱ። አሁን ደግሞ ማስረጃ ፈላጊዋ እሷ ሆነች። ትዳሬ የእውነት ነበር ብላ ማስረዳት አለባት፣ ያለ እሱ። አልበሙ እናቷ ቤት ነበር። እኔው ሄጄ አመጣሁት። ያቺ አማት መሀል የተቀመጡባት ፎቶ እንደገና ስካን ሆነች። የሽማግሌዎቹን ቃል ጻፍኩ፣ አስፈረምኩ። ያልጠበቅኩት ግን አማቷ ራሳቸው መምጣታቸውን ነው። ከሳቢያን በባጃጅ መጥተው ወንበሬ ላይ ተቀመጡ።

«ምን ተብሎ ነው የሚጻፈው?» አሉኝ።

«እማማ፣ የሚያውቁትን ነው።»

«ልጄን ክፉ ነው አልልም።»

«አይበሉ። ትዳሩ የእውነት እንደነበር ብቻ።»

«የእውነት ነዋ! እኔ አይደለሁ እንዴ የዳርኩት? ጻፊ። ቤቴ ገብታለች፣ እጄን አጥባኛለች፣ ስታመም ሆስፒታል አድራለች። እሱ ሄዶ እሷ ነበረች። ጻፊው።»

እንዳሉት ጻፍኩት። ወደ እንግሊዝኛ ስመልሰው «እጄን አጥባኛለች» ላይ ትንሽ ቆምኩ። ከዚያ እንዳለ አስገባሁት።

እህቴ ጋ እንዲህ ዓይነት ነገር አልመጣም። ባሏ ዳላስ ኤርፖርት ተቀብሏት በሳምንቱ ባንክ ወሰዳት፣ ስሟን ሂሳቡ ላይ አስገባ፣ የሙሉ ፋይሉን ኮፒ ሰጣት። ካርዱ ሲመጣ ፖስታውን የከፈተችው እሷ ናት። የሁለት ዓመቱ ቀን ማስታወሻ የተሞላው በእሷ ስልክ ነው። ደግ ሰው ስለሆነ ነው ይሉኛል። ይሁን። ግን የሰው መብት በባሏ ደግነት ላይ ሲንጠለጠል እኔን ደስ አይለኝም። የእህቴም ቢሆን።

አሁን ፕሮሰስ ላይ ላለች ደንበኛ ሁሉ ከክፍያው ውጭ የምሠራው ነገር አለ። የፋይሉን ሁለተኛ ኮፒ በፖስታ አድርጌ በእጇ እሰጣታለሁ፤ አንዱን እዚህ እናቷ ቤት፣ አንዱን ይዛው እንድትሄድ። ፖስታው ላይ በአማርኛ እጽፋለሁ። ፓስፖርትሽን አንቺ ያዢ። ቪዛሽ ይሠራል፣ ካርድ አትጠብቂ። ካርድሽ የሚያልቅበትን ቀን በቃልሽ ያዢ። ባልሽ ሊሰርዘው አይችልም። አንዳንድ ባሎች ይህን ሲያዩ ደስ አይላቸውም። አንዱ ከአሜሪካ ደውሎ «ትዳሬን ልታፈርሺ ነው?» ብሎኛል። «ይህን በማወቋ የሚፈርስ ከሆነ…» ብዬ ሳልጨርስ ዘጋብኝ። ሚስቱ ግን ፖስታውን ይዛ ነው የሄደችው።

አብሮ አደጌ የ10 ዓመቱ ካርድ መጥቶላታል። ከዜጋ ጋር በትዳር ለሚኖሩ የዜግነት ማመልከቻ በ3 ዓመት ነው። እሷ ስለተፋታች እንደማንኛውም ሰው 5 ዓመት መሙላት አለባት። አልከፋትም። የፈተናውን ጥያቄዎች በቴሌግራም በድምፅ ትልክልኛለች፣ ካልመለስኩ ትቆጣለች። ትናንት ስለ ሴናተሮች ጠይቃኝ 100 መሆናቸውን ነግሬያታለሁ። የምክር ቤቱን አባላት ቁጥር ግን አላወቅኩም፣ ሰደበችኝ።